በ32 ዲግሪ ድንበር፦ ሕያው ሕዋስ እንዴት ይጣበቃል፣ እንዴትስ ይለቃል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻም በደጋን አልፎ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ በአንድ ቀን ጉዞ መንገደኛውን ከብርድ ወደ ሐሩር ያደርሰዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱ በደጋን አድርጎ ወደ ቆላው ይዘልቃል። ደሴ ላይ ረግቶ የተጫነ ቅቤ ታች ሲደርስ ይቀልጣል። ይህ ማንንም አያስገርምም፤ ነገር ሲሞቅ እንደሚላላ፣ ሲቀዘቅዝ እንደሚጠነክር ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን።

በዚሁ መንገድ ሌላ ዕቃ እንጫን። ውሃ የያዘ ትንሽ የፕላስቲክ ሳህን ነው፤ ወለሉ ዓይን በማያየው ስስ ፖሊመር ተለብጧል። ይህ ፖሊመር ከቅቤው ተቃራኒ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲሞቅ ውሃውን አስወጥቶ ይኮማተራል። የሚለወጠው 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ደሴ ላይ አብጦ የተነሣው ፖሊመር በሞቃቶቹ ወራት ቀትር ላይ ደጋን ሲደርስ ወደ ድንበሩ ይጠጋል፤ የሚሌ ሐሩር ውስጥ ሲገባ ይኮማተራል። ዳገቱን ተመልሶ ሲወጣ ደግሞ እንደገና ያብጣል። በሳህኑ ላይ የሰው ሕዋሳት እያደጉ ቢሆን ኖሮ በሙቀቱ ተጣብቀው ይቆያሉ፣ በቅዝቃዜው ይለቃሉ።

ይህ ባሕርይ ከላብራቶሪ አልፎ የሰው ዓይን ላይ ደርሷል። ከታማሚው ጉንጭ የተወሰዱ ሕዋሳት በእንዲህ ያለ ሳህን ላይ አድገው፣ ሳይቀደዱ እንደ አንድ ስስ ሽፋን ተነሥተው፣ የተጎዳ ዓይን ላይ ያለ ስፌት ተቀምጠዋል። በትራኮማ፣ በኖራና በኬሚካል ቃጠሎ ዓይን በሚጠፋበት አገር ይህን ጉዳይ በወሬ ሳይሆን በአሠራሩ ማወቅ ይገባናል፤ ተስፋን በልኩ ማድረግ የሚቻለው ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ሲታወቅ ነውና።

ሕዋስ ለምን መያዣ ይፈልጋል?

የደም ሕዋሳት በፈሳሽ ውስጥ እየተንሳፈፉ ይኖራሉ። የቆዳ፣ የጉበት፣ የደም ሥር ግድግዳና የዓይን ሽፋን ሕዋሳት ግን እንዲህ አይደሉም። የሚይዙት ነገር ካጡ አይስፋፉም፣ አይባዙም፤ ብዙዎቹም ራሳቸውን በራሳቸው አጥፍተው ይሞታሉ። ስለዚህ ላብራቶሪ ውስጥ የሚያሳድጋቸው ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ወለሉ ነው።

ሕዋሱ ፕላስቲኩን በቀጥታ አይጨብጥም። ሕዋሳት የሚያድጉበት ፈሳሽ ምግብ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከደም የተገኙ ፕሮቲኖች አሉ፤ ፈሳሹ ሳህኑ ላይ እንደፈሰሰ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ወለሉ ላይ ይነጠፋሉ። ከዋነኞቹ መካከል ፋይብሮኔክቲንና ቪትሮኔክቲን ይገኙበታል። ሕዋሱ የሚጨብጠው እነዚህን ነው።

መጨበጫው ኢንተግሪን የሚባል ፕሮቲን ነው። አንዱ ጫፉ ከሕዋሱ ውጭ፣ ሌላው ከሕዋሱ ውስጥ ነው። የውጭው ጫፍ በፋይብሮኔክቲን ላይ የሚፈልገው አንድ አጭር ምልክት አለ፤ አርጂኒን፣ ግላይሲንና አስፓርቲክ አሲድ የተባሉት ሦስት አሚኖ አሲዶች በዚህ ቅደም ተከተል የተሰለፉበት ቦታ ነው። ይህን ያገኙት ሚካኤል ፒርሽባኸርና ኤርኪ ሩዎስላህቲ የተባሉ ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲሆን ጊዜውም 1984 እ.ኤ.አ. ነበር። ያን ያህል ግዙፍ ከሆነ ፕሮቲን ውስጥ ሕዋሱ የሚይዘው በሦስት አሚኖ አሲድ መሆኑ የዘመኑን ሳይንስ አስደንቋል።

አንድ ኢንተግሪን ብቻውን አቅም የለውም። ብዙዎቹ አንድ ቦታ ሲሰባሰቡ ግን ውስጠኛ ጫፎቻቸው አክቲን ከተባሉት የሕዋሱ ክሮች ጋር ይያያዛሉ። በዚያን ጊዜ ሕዋሱ ወለሉን መጎተት ይጀምራል፤ ክብ የነበረው ተዘርግቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። ቆይቶም ከሥሩ የራሱን ፋይብሮኔክቲንና ሌሎች ፕሮቲኖች እያመረተ ያነጥፋል። ሳህኑ ሲሞላ ደግሞ ጎረቤት ሕዋሳት ካድሄሪን በተባሉ ፕሮቲኖች እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ካድሄሪን ለዚህ ሥራው ካልሲየም ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ሳህን ሞልቶ ያደገ የሕዋስ ሽፋን ሦስት ነገሮች አሉት ማለት ነው፦ ወለሉን የያዘበት መጨበጫ፣ ከሥሩ ያነጠፈው የራሱ ፕሮቲን፣ ጎረቤት ከጎረቤት የተያያዘበት ማሰሪያ። ሽፋኑን ከሳህኑ ማንሣት የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ፈትቶ ሁለቱን እንዳሉ ማቆየት አለበት። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በኃይል ማላቀቅ የሚያስከፍለው ዋጋ

ለረጅም ዘመን የተለመደው መንገድ ትራይፕሲን ነው። ትራይፕሲን በአንጀታችን ውስጥ ምግብን የሚፈጭ ኢንዛይም ሲሆን ሥራው ፕሮቲንን መቁረጥ ነው። ብዙውን ጊዜ ካልሲየምን ከሚያስር ኬሚካል ጋር አብሮ ይጨመራል። ትራይፕሲኑ መጨበጫውንም ንጣፉንም ሳይለይ ይቆርጣል፤ ካልሲየሙ ሲታሰር የጎረቤት ማሰሪያም ይፈታል። ውጤቱ ተበታትነው የሚንሳፈፉ ነጠላ ሕዋሳት ናቸው።

ሕዋሳቱን ቆጥሮ ወደ ሌላ ሳህን ለማዛወር ይህ በቂ ነው። ሰው ላይ ለመትከል ግን አይበቃም። ተበታትነው በመርፌ የተወጉ ሕዋሳት ብዙዎቹ በቦታቸው አይቆዩም፤ የቆዩትም እንደ ሽፋን አይሰለፉም። በጎማ መፋቂያ ማንሣቱ ደግሞ ሽፋኑን ይቀዳድደዋል። የሚፈለገው ሕዋሱ ሳይቆረጥና ሳይፋቅ በራሱ የሚለቅበት ወለል ነበር።

ሲሞቅ ውሃን የሚሸሽ ፖሊመር

የፖሊመሩ ሙሉ ስም ፖሊ ኤን አይሶፕሮፒል አክሪላማይድ ነው። እንደ ማንኛውም ፖሊመር ተመሳሳይ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ ጠባያቸው የማይስማማ ሁለት ክፍሎች አሉ። አንዱ አማይድ የሚባለው ሲሆን ውሃን ይስባል፤ ሌላው አይሶፕሮፒል ሲሆን እንደ ዘይት ውሃን ይሸሻል።

ከ32 ዲግሪ በታች የውሃ ሞለኪውሎች አማይዱን ይይዛሉ፤ ውሃ በሚሸሸው ክፍል ዙሪያም ሥርዓት ይዘው ይሰለፋሉ። ሰንሰለቱ ውሃ ጠጥቶ ይዘረጋል። ሙቀቱ ሲጨምር የውሃ ሞለኪውሎቹ እንቅስቃሴ ያይላል፤ ተሰልፎ መቆየት የማያዋጣበት ደረጃ ይደርሳል። ውሃው ሰልፉን አፍርሶ ይሄዳል፤ ውሃ ሸሽ ክፍሎቹ እርስ በርስ ይጠጋጋሉ፤ ሰንሰለቱም ይኮማተራል። ሙቀቱ ሲወርድ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን ጠባይ ሄስኪንስና ጊሌት የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች በ1968 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ በውሃ የሟሟው ፖሊመር ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ጥርት ያለው ፈሳሽ ወዲያው ወተት ይመስላል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠራል።

ይህን ጠባይ ለሕዋስ ማሳደጊያ ያዋሉት በጃፓን የቶኪዮ የሴቶች ሕክምና ዩኒቨርሲቲው ቴሩዎ ኦካኖና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ የመጀመሪያ ውጤታቸው በ1990 እ.ኤ.አ. ታተመ። የተለመደውን የፖሊስታይሪን ሳህን ወስደው በኤሌክትሮን ጨረር ፖሊመሩን ወለሉ ላይ አጣበቁት። በዚህ መንገድ ፖሊመሩ ከወለሉ ጋር በጽኑ ኬሚካላዊ ትስስር ይያያዛል፤ ቢያብጥም ታጥቦ አይሄድም።

ሕዋሳት የሚያድጉት 37 ዲግሪ በሆነ ኢንኩቤተር ውስጥ ነው። በዚህ ሙቀት ፖሊመሩ ተኮማትሮ ውሃ ሸሽ ሆኗል፤ ፕሮቲኖች ይነጠፉበታል፣ ሕዋሳትም ይይዙታል። ከ32 ዲግሪ በታች ሲወርድ ወለሉ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ፕሮቲንና ሕዋስ ውሃ በጠገበ ወለል ላይ የሚያርፉበት ቦታ አያገኙም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሽፋኑ ውፍረት ነው። በፖሊስታይሪን ላይ በደንብ የሚሠራው 20 ናኖሜትር ገደማ የሆነው ነው፤ የሰው ጸጉር ከዚህ በሺዎች እጥፍ ይወፍራል። ውፍረቱ ከ30 ናኖሜትር ሲያልፍ በ37 ዲግሪም ቢሆን ሕዋሳት አይጣበቁበትም። ምክንያቱ ለጠንካራው ወለል ቅርብ የሆኑት ሰንሰለቶች እንደልብ ስለማይንቀሳቀሱ በሙቀት ውሃቸውን በደንብ ማስወጣታቸው ነው። ንብርብሩ ሲወፍር ላይኛዎቹ ሰንሰለቶች ከዚህ ጫና ነጻ ይሆናሉ፤ ሞቀውም ውሃ እንደያዙ ይቀራሉ። በመሆኑም አንድን ሳህን ጥሩ የሚያሰኘው ፖሊመሩ ብቻ ሳይሆን የልባጩ ልክ ነው።

ማላቀቁን የሚፈጽመው ማን ነው?

ወለሉ ስላበጠ ብቻ ሕዋሱ ተገፍቶ ይወጣል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ይህ ግን የእውነቱ ግማሽ ብቻ ነው። ማላቀቅ ሁለት ደረጃ አለው።

የመጀመሪያው የወለሉ ድርሻ ነው። ውሃ በሕዋሱና በወለሉ መካከል ሰርጎ ይገባል፤ ፖሊመሩ ያብጣል፤ ፕሮቲኖቹ ከወለሉ ጋር የነበራቸው ትስስር ይላላል። ለዚህ የሕዋሱ ሕያውነት አያስፈልግም።

ሁለተኛው የሕዋሱ ድርሻ ነው። ተዘርግቶ በቆየው ሕዋስ የአክቲን ክሮች ውስጥ ውጥረት አለ። መያዣው ሲላላ ክሮቹ ይሰበሰባሉ፤ ሕዋሱም ራሱን ጎትቶ ይነሣል። ይህ ጉልበት ይጠይቃል። ተመራማሪዎች የሕዋሱን የኃይል ምንጭ በኬሚካል ሲያግዱ ወለሉ አብጦም እንኳ መላቀቁ ደከመ። በሕዋሱ ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፉ ኢንዛይሞችን ሲያግዱም እንዲሁ ሆነ። ስለዚህ ወለሉ በሩን ይከፍታል፤ የሚወጣው ግን ሕዋሱ ራሱ ነው።

ብዙ ቅዝቃዜ ብዙ ፍጥነት የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሳህኑ ከመጠን በላይ ሲቀዘቅዝ ፖሊመሩ በደንብ ቢያብጥም የሕዋሱ ጉልበት ይደክማል። ስለዚህ ለየሕዋሱ ዓይነት የሚስማማ ሙቀት መፈለግ ግድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው 20 ዲግሪ ገደማ ነው። ሰፊ የሕዋስ ሽፋን ሲሆን ደግሞ ውሃው የሚገባው ከዳር ወደ መሃል ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ወለል ላይ ሲያድግ ግን ውሃው ከሥርም ስለሚገባ ቶሎ ይለቃል።

ትልቁ ትርፍ የሚታየው ሽፋኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ትራይፕሲን ስላልገባ ካድሄሪኖቹ አልተቆረጡም፤ ሕዋሳቱ እንደተያያዙ ናቸው። ያነጠፉት ፋይብሮኔክቲንም ከፖሊመሩ ለቆ ከሕዋሳቱ ሥር ተጣብቆ አብሮ ይነሣል። ይህ የተፈጥሮ ማጣበቂያ ስለሆነ ሽፋኑ ሌላ ሕብረ ሕዋስ ላይ ሲቀመጥ ያለ ስፌት ይይዛል።

ከጉንጭ ወደ ዓይን

የዓይን ፊተኛው ጥርት ያለ ክፍል ኮርኒያ ይባላል። የላይኛው ስስ ሽፋኑ ዘወትር እየታደሰ ይኖራል። የሚያድሱት ግንድ ሕዋሳት ያሉት በመሃል አይደለም፤ ጥርቱ ክፍልና ነጩ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። ኖራ፣ አሲድ ወይም ኮስቲክ ሶዳ ይህን ጠርዝ ሲያቃጥል፣ ወይም አንዳንድ ከባድ የመድኃኒት አለርጂዎች ሲያጠፉት፣ ኮርኒያው ራሱን ማደስ ይሳነዋል። ነጩ ክፍል ደም ሥር ይዞ ይወርርበትና ብርሃኑን ይጋርዳል።

አንድ ዓይን ብቻ ከሆነ የተጎዳው ከጤነኛው ጠርዝ ጥቂት መውሰድ ይቻላል። ሁለቱም ሲጠፉ ግን ከየት ይመጣል? የዓይን ሐኪሙ ኮጂ ኒሺዳና ባልደረቦቻቸው ከኦካኖ ጋር ሆነው ይህን ጥያቄ በ2004 እ.ኤ.አ. መለሱ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው እንዲህ ከተጎዱ አራት ታማሚዎች አፍ ውስጥ 3 ሚሊሜትር በ3 ሚሊሜትር የሆነ ቁራጭ ወሰዱ። ሕዋሳቱን ለሁለት ሳምንት በዚህ ፖሊመር ላይ አሳደጉ። ሳህኑን በማቀዝቀዝ ሽፋኑን አነሡና የወረረው ሥጋ ከተነሣለት ዓይን ላይ ያለ ስፌት አኖሩት። በአንድ ሳምንት ውስጥ የአራቱም ዓይኖች ወለል ተሸፈነ፤ ማየታቸውም ተሻሻለ። በአማካይ 14 ወር በቆየው ክትትልም ጥራቱ አልጠፋም። ሕዋሳቱ የታማሚው የራሱ ስለሆኑ ሰውነቱ እንግዳ ብሎ አይዋጋቸውም።

ሁሉም ሙከራ ግን እንዲህ አልሠመረም። ከታማሚው ጭን ጡንቻ በተወሰዱ ሕዋሳት የተሠራ የልብ ሽፋን በጃፓን በ2015 እ.ኤ.አ. በሁኔታ የታጠረ ፈቃድ አግኝቶ ነበር። ጥቅሙ በበቂ ሁኔታ ስላልተረጋገጠ በ2024 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጣ። ሽፋኑን ሳይቀደድ ማንሣት መቻል አንድ ነገር ነው፤ የደከመን ልብ ማዳን ሌላ ነው።

ለወሎ ዓይን ምን ማለት ነው?

በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳየ። ግማሽ ያህሉ ምክንያት የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር፤ 11.5 በመቶው ደግሞ ትራኮማ ኮርኒያ ላይ ያስቀመጠው ጠባሳ ነበር። በዚያን ጊዜ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት ከ60 በመቶ በላይ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው።

ትራኮማ የሽፋሽፍቱን ጸጉር ወደ ውስጥ ቀልብሶ ኮርኒያውን ያስፍቀዋል። ጠባሳው ብዙ ጊዜ ከላይኛው ሽፋን ዘልቆ ይገባል። የሕዋስ ሽፋን ግን የሚተካው ላይኛውን ንብርብር ብቻ ነው፤ ጥልቅ ጠባሳን አያጠራም። ለጥልቁ ጠባሳ የሚያስፈልገው ከሟች የሚገኝ ኮርኒያ ነው፤ በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የሚገኘው የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ነገር ግን የጠርዙ ግንድ ሕዋሳት በጠፉበት ዓይን ላይ የሚተከል ኮርኒያ ሽፋኑን የሚያድስለት ስለሌለ አይጸናም። ስለዚህ የዓይን ባንኩና የሕዋስ ሽፋኑ ተፎካካሪዎች አይደሉም፤ ሁለተኛው ለመጀመሪያው መሬቱን ያበጃል።

ከዚህ የሚከተለውን በግልጽ መናገር ይገባል። ከደጋንም ሆነ ከባቲ ተነሥተው ከደሴ በስተሰሜን ወዳለው በዓይን ሕክምና ወደታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከሚሄዱት ታማሚዎች አብዛኞቹ የሚያስፈልጋቸው ይህ ፖሊመር አይደለም። የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና፣ የተቀለበሰውን ሽፋሽፍት የማስተካከል ሥራ፣ የትራኮማ መድኃኒቱ አዚትሮማይሲን፣ ንጹሕ ውሃና የታጠበ የልጅ ፊት ነው የሚያስፈልጋቸው። እነዚህ ዛሬ በእጃችን ያሉና የሚሠሩ ናቸው። የሕዋስ ሽፋን ለጥቂቶች ነው፤ እነዚያ ጥቂቶች ግን ሌላ መንገድ የጠበበባቸው ናቸው።

በአንድ ዓይናቸው ብቻ ለተጎዱት ላብራቶሪ የማይጠይቅ ዘዴም አለ። በህንድ ቪሬንደር ሳንግዋንና ባልደረቦቻቸው በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ከጤነኛው ዓይን ጠርዝ ጥቂት ሚሊሜትር ቁራጭ ይወሰዳል፤ ተከታትፎ በተጎዳው ዓይን ላይ በተነጠፈ የእንግዴ ልጅ ስስ ሽፋን ላይ ይበተናል፤ ሕዋሳቱም ዓይኑ ላይ ሆነው ያድጋሉ። እንደኛ ላለ አገር ይህ ቀድሞ የሚደረስበት እርምጃ ነው።

ፖሊመሩን በአገር ውስጥ ለመሥራትና ለመጠቀም የሚያስብ ሰው ደግሞ የአየሩን ነገር ከመጀመሪያው ማሰብ አለበት። በደሴ ቅዝቃዜ ከኢንኩቤተር የወጣ ሳህን ቶሎ ከ32 ዲግሪ በታች ይወርድና ምግቡ ሲቀየር ሕዋሳቱ ያለጊዜያቸው መልቀቅ ይጀምራሉ። ፈሳሹ ቀድሞ መሞቅ፣ ሳህኑም ሙቅ ገበታ ላይ መቀመጥ አለበት። በቆላው ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ ክፍሉ ራሱ ካልቀዘቀዘ ሽፋኑ አይለቅም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ጤና፣ ኮምቦልቻ ላይ ቴክኖሎጂ ያስተምራል። ኬሚስቱ፣ መሐንዲሱና የዓይን ሐኪሙ በአንድ ጥያቄ ላይ የሚገናኙበት ጉዳይ ይህን የመሰለ ጥቂት ነው፤ ጅማሬውም ፖሊመሩን በቱቦ አሙቆ ሲደፈርስና ሲጠራ ለተማሪ ከማሳየት ሊሆን ይችላል።

ለአንባቢው ዛሬውኑ የሚጠቅመው ትምህርት ግን ከሁሉ የቀለለው ነው። ጨርቃ ጨርቅና ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ፣ ግንባታ ላይ፣ ባትሪ ሲሞላም ሆነ ቤት በኖራ ሲለሰን ኬሚካል ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው። ሽፋሽፍቱን ከፍቶ፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፣ ከተቻለም እስከ 30 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብ፤ ወደ ሐኪም መሄድ ከዚያ በኋላ ነው። ኖራ ወይም ዱቄት ከሆነ የቀረውን ፍርፋሪ ጠርጎ ማውጣትም ያስፈልጋል። በጠርዙ ላይ ያሉት ግንድ ሕዋሳት የሚጠፉት በእነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው። ከጠፉ በኋላ እነሱን የሚተካ ሽፋን ለማሳደግ ሁለት ሳምንት፣ ኢንኩቤተር፣ ልኩ በናኖሜትር የተመጠነ ሳህንና የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል፤ ከመጥፋታቸው በፊት ለማዳን ግን አንድ ጀሪካን ውሃና አጠገብ ያለ ሰው ፍጥነት ይበቃሉ። ስለዚህ በየፋብሪካው፣ በየግንባታውና በየጋራዡ ንጹሕ ውሃ እጅ በሚደርስበት ቦታ መቀመጡን አሠሪም ሠራተኛም ያረጋግጡ።